«ስኳርን በ21 ቀን ከሥሩ ይነቅላል» የሚባለው ዱቄት፦ ለእድር አባላት ምን ይነገራቸው?

የእድር ጸሐፊ (ኮዬ ፈጬ)

ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው የእድራችን ስብሰባ ላይ በዚህ ጉዳይ ትክክለኛ ነገር እንድናገር ስለተጠየቅሁ፣ ሙያው ያላችሁ ብታግዙኝ።

ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ በየኮንዶሚኒየሙ «ስኳርን በ21 ቀን ከሥሩ ይነቅላል» የሚል ዱቄት በፌስታል ታሽጎ እየተሸጠ ነው። በቴሌግራም ይታዘዛል፣ በሞተር ቤት ድረስ ይመጣል። ላዩ ላይ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው» ተብሎ ተጽፏል። ምን እንዳለበት ግን «ከዘጠኝ ዕፅዋት የተዘጋጀ» ከማለት በቀር ዝርዝር የለም። አወሳሰዱ ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ማንኪያ ማር ተለውሶ፣ ማታም እንደዚያው ነው። በእነዚያ ቀናት ስኳር፣ ነጭ ዳቦ፣ ለስላሳ፣ ቅባትና መጠጥ ክልክል ነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሻጩ «የፋርማሲውን ክኒን አቁሙ፣ ከዕፅዋቱ ጋር ይጣላል» ይላል።

ከአባላት አንዱ ስኳራቸው በሦስት ቀን ከ260 ወደ 95 ወርዷል። ሌሎች ምንም ለውጥ አላዩም። ሁለት እናቶች ላብ አጥምቋቸው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሻጩ «በሽታው እየወጣ ነው» ብሏቸዋል። አባቶቻችን በዕፅ ነው የዳኑት የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ እነሱን የሚያስቀይም ንግግር አልፈልግም። ማወቅ የምፈልገው ቁጥሩ እንዴት እንዲህ ሊወርድ እንደቻለ፣ የጀመሩት ሰዎች አሁን ምን ማድረግ እንዳለባቸው፣ እና አንድ ሰው «ሠርቶልኛል» ሲል በምን እንደሚረጋገጥ ነው።

ፋርማሲ_ገላን

ጸሐፊያችን፣ ከ260 ወደ 95 በሦስት ቀን የሚለውን ብዙ ሰው እንደ ማስረጃ ያየዋል። እኔ የማየው እንደ አደጋ ምልክት ነው። በሰው ላይ ከተሞከሩት ዕፅዋት አብሽም ሆነ ጥቁር አዝሙድ ስኳር ቀንሰው የታዩት በሳምንታት ውስጥ፣ ያውም በመጠኑ ነው። በሦስት ቀን እንዲህ የሚጥል፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ ረሃብ የሚያስከትል ነገር ሲታይ ፋርማሲስት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ግሊቤንክላማይድን ነው። ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ፣ ርካሽ የ5 ሚሊግራም ክኒን ነው። ተፈጭቶ ቡናማ ዱቄት ውስጥ ሲገባ በቀለምም፣ በጣዕምም፣ በሽታም አይለይም። በእናንተ ሰፈር ዱቄት ውስጥ መኖሩን ሳይመረመር ማንም አረጋግጦ መናገር አይችልም። ነገር ግን በብዙ አገር የተደረሰበት ማጭበርበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ የስኳር ሕመም የሌለባቸው 149 ሰዎች ስኳራቸው ክፉኛ ወርዶ ሆስፒታል ገብተው አራቱ ሞተዋል። ሲጣራ፣ ለወሲብ ብርታት በሕገወጥ መንገድ በተሸጡ ምርቶች ውስጥ ይኸው ግሊቤንክላማይድ ተገኘ።

አንዱ ወርዶለት ሌላው ምንም ያላየበት ምክንያትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። በጆንያ ወይም በሳፋ በእጅ የተደባለቀ ዱቄት እኩል አይዳረስም። አንዷ ማንኪያ ምንም ሳይኖርባት ሌላዋ የብዙ ክኒን ያህል ልትይዝ ትችላለች። ሐኪም ሲያዝ ከ2.5 ወይም ከ5 ሚሊግራም ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው፤ ትልቁ የቀን መጠን 20 ሚሊግራም ነው። በማንኪያ የሚዘግነው ሰው ይህ ልክ በእጁ የለም። ቀድሞውኑ ግሊቤንክላማይድ የታዘዘለት ከሆነ ደግሞ ሳያውቅ ይደርበዋል። ዕድሜያቸው በገፋና ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች መድኃኒቱ ቶሎ ከሰውነት ስለማይወጣ አደጋው ይብሳል።

«ክኒኑ ከዕፅዋቱ ጋር ይጣላል» ለሚለው፣ የትኛው ዕፅ ከየትኛው ክኒን ጋር፣ ምን አድርጎ እንደሚጣላ ስም ጠርቶ ይንገራችሁ። እውነተኛ መጣላት አለ። ነጭ ሽንኩርት በብዛት የሚወስድ ሰው የደም መርጋት መከላከያውን ዋርፋሪን ከጨመረበት የመድማት አደጋው ከፍ ይላል፤ አብሽ በብዛት ከኢንሱሊን ጋር ሲሆን ስኳርን ከሚፈለገው በታች ሊያወርድ ይችላል። የዘጠኙን ዕፅዋት ስም የማይናገር ሰው ግን ስለ መጣላት ሊያስጠነቅቅ አይችልም።

ሽማግሌዎቻችሁ የመገጣጠሚያ ሕመም ዱቄትም ይገዙ ይሆናልና ይህንንም ጨምርላቸው። በአንድ ቀን «እንደ ልጅ ያስሮጣል» በሚባሉት ውስጥ በተለያዩ አገሮች ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን የተባሉ ስቴሮይዶች ወይም የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ተቀላቅሎ ተገኝቷል። ፊት ክብ ብሎ ካበጠ፣ የምግብ ፍላጎት ያለ ልክ ከጨመረ፣ ስኳርና ግፊት አብረው ከወጡ ስቴሮይድ መጠርጠር አለበት። እንዲህ ያለውን ዱቄት ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም። ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ስለሚያዳክም በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ በሐኪም ዕቅድ ይቀንስ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሻጩ «ፈቃድ አለኝ» ሲል የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር ነው። ያ የመነገድ ፈቃድ እንጂ የመድኃኒት ምዝገባ አይደለም። አንድ ምርት በሽታ ያድናል ተብሎ ለገበያ የሚቀርብ ከሆነ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆን አለበት፤ የሚገዛውም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። እሽጉ ላይ አምራች፣ አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የእያንዳንዱ ይዘት ስምና መጠን ከሌለ ሌላውን መጠየቅም አያስፈልግም።

ሲስተር_ቃሊቲ

ፋርማሲስቱ ያለውን እደግፋለሁ። እኔ አሁን መደረግ ስላለበት ብቻ እጽፋለሁ፤ ሰዎቹ ዱቄቱን እየወሰዱ ስለሆነ።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ወይም ያለወትሮ መቆጣት ሲታይ «በሽታው እየወጣ ነው» የሚባል ነገር የለም። ስኳር ወርዷል ማለት ነው። መለኪያ ካለ ወዲያው ይለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ ሳይጠበቅ ሦስት የሻይ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት ነው። ግማሽ ጠርሙስ ያህል ለስላሳም ይሆናል፤ ስኳር አልባው ግን አይጠቅምም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ያው ይደገም። ከፍ ሲል እንጀራ ወይም ዳቦ መብላት አለበት፣ አለዚያ ተመልሶ ይወርዳል። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይፈስም፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነው። በሽተኛው ስኳር ጠጥቶ ወይም ድንገተኛ ክፍል ግሉኮስ በደም ሥር ተሰጥቶት ሲነቃ «ዳነ» ብለው ወደ ቤት ይወስዱታል። የወረደው በግሊቤንክላማይድ ከሆነ መድኃኒቱ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ መሥራቱን ስለሚቀጥል ሌሊት ተኝቶ ሳለ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ 24 ሰዓት ክትትል ይደረግለት። ለሐኪሙ «ዱቄት ወስዷል» ብላችሁ ንገሩ፣ ፌስታሉንም ይዛችሁ ሂዱ። የሚቆጣ ሐኪም ቢያጋጥማችሁ እንኳ አትደብቁ፤ የሚሰጠው ሕክምና በዚህ ይለያል።

ክኒን ወይም ኢንሱሊን ስለ ማቆም። በልጅነት ወይም በወጣትነት የጀመረ፣ ኢንሱሊን ብቻ የሚወስድ አባል ካለ እሱን ለይታችሁ አነጋግሩት። እሱ ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን፣ ደሙ አሲድ ይሆናል። ምልክቱ ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ብዙ ሽንት፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ የበሰለ ፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ጠረን፣ ከዚያም መፍዘዝ ነው። ማስታወኩን ታይፎይድ ወይም የጨጓራ ነው ብሎ ክሊኒክ ለክሊኒክ መዞር ሕይወት ያስከፍላል። ክኒን የሚወስደው ሰው ሲያቆም እንዲህ ቶሎ አይወድቅም፤ ለዚህም ነው «አቆምኩ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው። ጉዳቱ በዓይን፣ በኩላሊትና በእግር ነርቭ ላይ ቀስ ብሎ ይጠራቀማል።

ማሩንም ሳልጠቅስ አላልፍም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 17 ግራም ስኳር አለው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን 34 ግራም ገደማ ነው። ለስላሳ የተከለከለ ሰው ማር «መድኃኒት ነው» ተብሎ ሲሰጠው ያው ስኳር በሌላ በር ገባለት ማለት ነው።

ጾምም አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናቶች ግሊቤንክላማይዳቸውን ጠዋት ውጠው፣ ላዩ ላይ ዱቄቱን ደርበው፣ ሳይበሉ ከዋሉ ስኳራቸው እንደሚወርድ ጥርጥር የለኝም። መጾም የሚፈልግ ሰው ከጾሙ በፊት ሐኪሙን አማክሮ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ያስተካክል። ፀበል የሚሄዱም መድኃኒታቸውን ይዘው ይሂዱ፤ ሁለቱ አይጣሉም። በሥራ ላይ ያለ የኢንሱሊን ጠርሙስ ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ጥላ ውስጥ እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ ፍሪጅ በሌለበት በውኃ የረጠበ የሸክላ ዕቃ ያቀዘቅዘዋል።

ላብ_አቃቂ

«ሠርቶልኛል» የሚለው በምን ይረጋገጣል ለተባለው፣ መጀመሪያ ዱቄቱ ውስጥ ምንም ሳይኖር ቁጥሩ ሊወርድ የሚችልባቸውን መንገዶች ማወቅ ያስፈልጋል።

ትልቁ የአመጋገብ ትእዛዙ ነው። ስኳር፣ ነጭ ዳቦ፣ ለስላሳና መጠጥ ለ21 ቀን ያቆመ ሰው ዱቄት ባይወስድም ስኳሩ ይወርዳል። ዱቄቱን አስቀርቶ ክልከላውን ብቻ ቢጠብቅ አብዛኛውን ጥቅም በነፃ ያገኘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ከተመረመሩ ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ባለ ዓይነት ሁለት ስኳር ሕመምተኞች በክትትል ምግባቸው ተቀንሶ ክብደት እንዲቀንሱ ሲደረግ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ 46 በመቶው ያለ ክኒን ከስኳር ሕመም መጠን በታች ሆነው ተገኙ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ 86 በመቶው። ስለዚህ «ስኳር በጭራሽ አይመለስም» ማለትም ትክክል አይደለም። ግን ክብደቱ ሲመለስ ስኳሩም ይመለሳል፤ «ከሥሩ ተነቀለ» የሚያሰኝ አይደለም።

ሁለተኛው የመለኪያው ሰዓት ነው። ሻጩ የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ ቡና በስኳር ተጠጥቶ፣ ሁለተኛውን ጠዋት በባዶ ሆድ ከለካ ልዩነቱን የፈጠረው ሰዓቱ ነው። ንጽጽር የሚሆነው ሁለቱም ቢያንስ ስምንት ሰዓት ከተጾመ በኋላ፣ በአንድ ማሽን ሲሆን ነው። ጣት በሳሙና ታጥቦ መድረቅ አለበት። ዱቄቱን በማር ለውሶ ጣቱን ሳይታጠብ የሚለካ ሰው ማሩን ነው የሚለካው። መታጠብ ካልተቻለ የመጀመሪያው ጠብታ ተጠርጎ ሁለተኛው ይወሰድ። ደሙ የሚነካበት ስትሪፕ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ከሰነበተ ወይም ፀሐይ ላይ ከዋለ ቁጥሩ አይታመንም። ጥሩ ማሽን እንኳ እስከ 15 በመቶ ሊስት ይችላል፤ 150 ካነበበ እውነተኛው ከ128 እስከ 172 ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከ168 ወደ 149 ወረደልኝ ለሚል አባል «ይህ ለውጥ አይደለም» ብትለው አላጠፋህም።

ማሽን አንድ ቅጽበት ነው የሚያየው። ክርክሩን የሚፈታው ሰው ሁሉ «የሦስት ወር ስኳር» የሚለው ኤ-ዋን-ሲ ምርመራ ነው። ቀይ የደም ሴል ወደ 120 ቀን ስለሚኖር በዚያ ጊዜ የተጣበቀበት ስኳር ይለካል። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም ነው፤ 7 በመቶ ሲሆን አማካይ ስኳሩ 154 ገደማ፣ 9 ሲሆን 212 ገደማ ነው። ደም ማነስ ያለበት ሰው ውጤቱ ሊዛባ ስለሚችል ሄሞግሎቢኑም አብሮ ይታይ። ልብ በሉ፣ «በ21 ቀን» የሚለው ተስፋ ይህ ምርመራ ሙሉ ለውጡን ከሚያሳይበት ጊዜ ያጠረ ነው። አንድ ሰው ሊያሳምነን ከፈለገ ከመጀመሩ በፊት ኤ-ዋን-ሲ ያሠራ፣ ክኒኑን ሳይቀይር ሦስት ወር ይቆይ፣ ደግሞ ያሠራ። ያም ሆኖ አመጋገቡን አብሮ ከለወጠ የወረደው በየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ለዚህ ነው ጥናት ሲሠራ ግማሹ ሰው መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ምንም የሌለበት ዱቄት የሚሰጠው።

እስካሁን የወሰዱት አባላት ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ የጉበት ኢንዛይምና ሽንት ቢያስመረምሩ ጥሩ ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ኮካ ከመሰለ፣ ሰውነት ካሳከከ ውጤት ሳይጠበቅ ዱቄቱ ቆሞ ሆስፒታል ይኬድ።

ዕፅዋት_ሰንዳፋ

ስለ ሽማግሌዎቹ ላንሳ። «አባቶቻችን በዕፅ ነው የዳኑት» የሚለው ውሸት አይደለም፤ ይህን ብትክድባቸው ሌላውንም አይሰሙህም። ኮሶ የኮሶ ትልን ያስወጣል። እንቆቆና መተሬም ለዚሁ ሲያገለግሉ ኖረዋል። ነገር ግን ትሉን ለማስወጣት በሚያስፈልገውና ሰውን በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። የአበባው ብርታት እንደ ዛፉ፣ እንደ ወቅቱና እንደ ተቀመጠበት ጊዜ ይለያያል፤ የበዛበት ሰው ክፉኛ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ የዓይን ነርቩ ተጎድቶ የታወሩም አሉ። ዛሬ በሐኪም ትእዛዝ ኒክሎሳማይድ 2 ግራም አንዴ ታኝኮ፣ ወይም ፕራዚኳንተል በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም አንዴ ተውጦ ያንኑ ይሠራል። ከኮሶ የተለየው ልኩ መታወቁ ነው።

ስለ እንዶድም ንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ለመግደል ይጠቅማል ብለው ነው ለዓመታት ያጠኑት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙበትም ይኸው ሥራ ነው። እንዶድ ለወንዙ ተፈተነ እንጂ ለሆድ አልተፈቀደም። ሲጠጣ መርዝ ነው፣ ለማስወረድ ብለው የጠጡ ሴቶች ሞተውበታል።

ለስኳር ሕመምተኞቹ ደግሞ ይህን ብትነግራቸው ደስ ይለኛል። ሻጩ «አቁሙ» የሚላቸው ሜትፎርሚን ራሱ መነሻው ዕፅ ነው። ጋሌጋ የሚባል ተክል በአውሮፓ ሽንት ለሚያበዛ በሽታ ይሰጥ ነበር። ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ስኳር ቢያወርድም መርዛማ ስለነበር፣ ዘመዱ የሆነና ጉዳቱ ያነሰ ሜትፎርሚን በላቦራቶሪ ተሠራ፤ ዣን ስተርን የሚባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 በሰው ላይ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። ዛሬ 500 ሚሊግራም ሲባል በእያንዳንዱ ክኒን ውስጥ ያው 500 ነው። ዕፁ ተንቆ ሳይሆን ተጠንቶ ነው ክኒን የሆነው።

ከሻጩ ጋር የምትነጋገሩ ከሆነ «ዘጠኝ ዕፅዋት» ሲል የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠይቁት፦ ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ ፍሬው? ከተፈጨ በኋላ ማንም በዓይን ሊለየው አይችልም። አንድ ስም በሸዋና በጎጃም ለተለያየ ተክል ሊውል ይችላል፤ በስም ብቻ ገዝቶ የሚያስፈጭ ሰው የተሳሳተ ሥር ሊቀላቅል ይችላል። አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የሚባለው በየጥራጊው ቦታ ይበቅላል፤ ፍሬው ከገባበት አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ሰው ይቃዣል። ጤና አዳም እንኳ በቡና ላይ ጣል ሲደረግ ምንም አይደለም፤ ተጨምቆ በብዛት ሲጠጣ ግን ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፣ ጭማቂው ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል።

የእድር ጸሐፊ (ኮዬ ፈጬ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ያው ሻጭ ለወፍ በሽታና ለእብድ ውሻ ንክሻም መድኃኒት አለኝ ይላል፤ «የወሰደ ሁሉ ድኗል» ብለው የሚመሰክሩለት ሰዎች አሉ። ሰፈራችን ደግሞ ባለቤት የሌለው ውሻ የበዛበት ነው። ሌላው፣ የተረፈውን ዱቄት ለምርመራ ለማድረስ እንዴት እናስቀምጠው?

ሲስተር_ቃሊቲ

የሚመሰክሩት ሰዎች አይዋሹም፤ የዳኑት ግን በዱቄቱ አይደለም። የወፍ በሽታ የሚባለው ብዙ ጊዜ የጉበት ቫይረስ ነው። ዓይነት ኤ ከሆነ ከሳምንታት እስከ ሁለት ወር ገደማ ባለው ጊዜ በራሱ ይለቃል። በአዋቂነት በዓይነት ቢ ከተያዙትም አብዛኞቹ ቫይረሱን ራሳቸው ያስወግዱታል። በሁለተኛው ሳምንት የተሰጠ ማንኛውም ነገር ያዳነ ይመስላል። ችግሩ ዓይነት ቢ ሳይለቅ ለሚቆይባቸውና ቢጫነቱ ከሐሞት ጠጠር ወይም ከዕጢ ለሆነባቸው ነው፤ እነሱ ወራት ያልፋቸዋል። የተጎዳ ጉበት ላይ ምንነቱ የማይታወቅ ዱቄት መጨመርም ራሱ አደጋ ነው። ክንድ ላይ መተኮስም ቁስል ከመጨመር በቀር ጉበቱ ጋ አይደርስም።

የውሻው ጉዳይ ከስኳሩም ይብሳል፤ እባክህ በስብሰባው መጀመሪያ አድርገው። ከሚነክሱ ውሾች ሁሉ ያበዱት ጥቂት ናቸው፤ ያበደ ውሻ ከነከሳቸውም ሁሉም አይያዙም። ስለዚህ መድኃኒት ሰጪው ለብዙ ሰው ሰጥቶ ብዙዎቹ ምንም ሳይሆኑ ይቀራሉ፣ ስሙም ይገናል። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ሰው በተነከሰ ሰዓት ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ነው፤ በርበሬ፣ ቅጠል፣ ቡና አይጨመርበት። ወዲያው ክትባት ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም መሄድ ነው። ዛሬ ባሉት ክትባቶች የተለመደው አሰጣጥ የመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ተቋሙ ይወስናል። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ በተለይም ፊት፣ አንገት ወይም እጅ ላይ ከሆነ፣ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊንም ያስፈልጋል፤ ስሙን ይዛችሁ ጠይቁ። ውሻው የሚታወቅ ከሆነ አትግደሉት፣ አስራችሁ 10 ቀን ተመልከቱት፤ በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር። ክትባቱ ግን 10 ቀኑን አይጠብቅም፣ ያን ዕለት ይጀመራል። ልጆች ተነክሰው ቁጣ ፈርተው ስለሚደብቁ ወላጆች ጭረትም ቢሆን እንዲነግሯቸው ያስለምዷቸው።

ፋርማሲ_ገላን

ለናሙናው፦ በመጣበት እሽግ ውስጥ እንዳለ ተዉት፣ ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጡት። ተከፍቶ ከሆነ አፉን አጥፋችሁ በሌላ ንጹሕ ፌስታል ደርቡና ደረቅ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ከላይና ከሥር ያለው ስለሚለያይ ከላይ አንድ ማንኪያ ብቻ ቆንጥራችሁ አትስጡ፤ የተረፈው ሙሉው ይሂድ፣ 50 ግራምና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ያልተከፈተ እሽግ ያለው አባል ካለ የእሱ ይበልጣል። ወረቀት ላይ የተገዛበት ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የቴሌግራም ገጹ ስም፣ በቀን ስንት ማንኪያ ለስንት ቀን እንደተወሰደ፣ አብሮ የሚወሰድ ክኒን ከነሚሊግራሙ፣ ምልክቱ በስንት ሰዓት እንደጀመረና የተለካው ስኳር ስንት እንደነበር ጻፉበት። የማስታወቂያውንና የክፍያውን ገጽ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ፤ ገጹ ሊሰረዝ ይችላል። ይህን ሁሉ ይዛችሁ ወደ ክፍለ ከተማችሁ የጤና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ወይም በቀጥታ ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማመልከት ትችላላችሁ። በፈሳሽ ጠብ አድርጎ ቀለሙን በማየት «ንጹሕ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትቀበሉት፤ የተደበቀ ክኒን የሚለየው ድብልቅን ለያይቶ በሚያሳይ የክሮማቶግራፊ መሣሪያ ነው፣ የሰፈር ክሊኒክ ላቦራቶሪ የለውም። ውጤቱ እስኪመጣ ሁለቱ እናቶች ዱቄቱን አይንኩት፣ ክኒናቸውንም በነገው ዕለት ሐኪማቸው አይቶ መጠኑን ይወስንላቸው፤ ያቆሙትን ክኒን በራሳቸው ደርበው እንዳይጀምሩ።